ካርዱ ያልታደሰው ደምሴ ታደሰ

ቀኝ ትከሻችሁን የሚያማችሁ፣ በዚያ ላይ ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ የሚላችሁ ሰዎች ካላችሁ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሕመሙ የትከሻ ላይሆን ይችላል። የእኔ አልነበረም። ትከሻዬን ያላሸ፣ ያልቀባ፣ ያልደባበሰ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ አልቀረም ማለት ይቻላል። ሕመሙ ግን ከትከሻዬ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ ማንም ሳይነካው ተመቻችቶ ተቀምጦ ነበር።

ስሜ ደምሴ ታደሰ ይባላል። ስሜን የምነግራችሁ ለወጉ አይደለም፤ ሊገድለኝ ከደረሰው ነገር ግማሹ ሕመም፣ ግማሹ ይኸው ስም ስለሆነ ነው። በደርግ ጊዜ ከዚራ ዳር በሚገኝ አንድ የተወረሰ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ላይ እሠራ ነበር። ጋራዡ የጭነት መኪና ይጠግናል፤ እኔ የተበላ ዘንግ አስተካክላለሁ፣ ጥርሱ ያለቀ ቡሎን በአዲስ እተካለሁ። በተፈጥሮዬ የተነገረኝን ቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ ወይንሸት “አንተ እኮ ሰላምታም ለክተህ ነው የምትቀበለው” ትለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት ሆዴን ቁርጠት ያዘኝና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሰነበተብኝ። በእኛ ከተማ ይህ ብርቅ ስላልሆነ ለማንም አላወራሁትም፤ በራሱ ጊዜ ተወኝ። ጥቅምት ላይ ደግሞ የቀኝ ትከሻዬ ጫፍ መጠዝጠዝ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ቶርኖ ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ትከሻው ቢያመው ማን ይገረማል? እኔም አልገረመኝም።

አብዶሽ የሚባል የመጋላ ልጅ አብሮኝ ይሠራ ነበር፤ በያጅ ነው። ሰው ሲቸገር እያየ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም።

“አቦ ደምሴ፣ ይሄ ደም ቋጥሮ ነው” አለኝ። “እኔ የማውቃቸው ወጌሻ አሉ። ወላሂ፣ አንዴ ካሹህ ነገ ቶርኖውን ራሱን ተሸክመህ ትሮጣለህ።”

ወጌሻው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ የመጋላ መተላለፊያ ውስጥ ይኖራሉ። የሰሊጥ ዘይት ቀብተው አሹኝ። እጃቸው ጥሩ ነው፤ እሱን አልክድም። በመሃል ቆም አሉና “ልጄ፣ ገላህ ምነው እንዲህ ተኮሰ?” አሉኝ።

“ድሬ እኮ ነው አባባ” አልኳቸው።

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ለነገሩ ጊዜው ጥቅምት ነበረ፤ እንደዚያ የሚያቃጥል ሙቀት አልነበረም።

ትኩሳቱ ሲበረታ ጋራዡ ውል ወደ ያዘበት ክሊኒክ ሄድኩ። መጠበቂያው ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። አንድ ሰው ወደ ውስጥ ሲጠራ የቀረነው ሁሉ እንንሸራተታለን፤ ወንበሩ በሰው ሱሪና ቀሚስ ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። አጠገቤ የተቀመጠች የኢሳ ሴት ስንቀጠቀጥ አየችና ከልጇ ቀንሳ የውሃ ጠርሙሷን ዘረጋችልኝ። “ቢዮ ነው፣ ጠጣ” አለችኝ። ጠጣሁ። በዚያ ሕመም ውስጥ ካገኘኋቸው መድኃኒቶች መጀመሪያ የሠራልኝ እሱ ነው።

ክሊኒኩ ወባ ነው አለኝ። ክሎሮኪን ዋጥኩ፤ ጆሮዬ ጮኸ፣ ገላዬን አሳከከኝ፣ ትኩሳቱ ግን ወዴትም አልሄደም። ተመልሼ ስሄድ ሌላ ሰው አየኝና ጨጓራ ነው አለ። በርበሬ ተው፣ ጫት ተው፣ አትናደድ ተባልኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተውኩ። ስለ ትከሻዬ ስጠይቀው “እሱ የሥራህ ነው” አለኝ፤ ሁሉም የሚለኝ ይህንኑ ነበር። ትከሻዬንና ትኩሳቴን አንድ ላይ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም፤ አንዱን ለወጌሻ፣ አንዱን ለክሊኒክ አከፋፍለን ነበር የምንዞረው።

እየከሳሁ ሄድኩ። ሱሪዬን በገመድ አሰርኩ፤ ኋላ ሱሪውንም ትቼ በሽርጥ ብቻ መዋል ጀመርኩ። ትንሽ ትንሽ ሳልም ጨመረብኝ። ያኔ ሰፈሩ የራሱን ምርመራ አደረገና ሳንባ ነው ብሎ ፈረደ። ማንም በፊት ለፊት አላለኝም። አንድ ቀን ግን ወይንሸት ውሃ ስታመጣልኝ ብርጭቆው ከቤቱ ብርጭቆዎች የተለየ ሆነብኝ። አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት።

“የአንተ ነው” አለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

“የእኔማ የትኛውም ነበር።”

“ለልጅቷ ብዬ ነው ደምሴ” አለችና እዚያው ቆማ አለቀሰች። ልጃችንን አያቷ ዘንድ ልትልካት መወሰኗንም ያኔ ነገረችኝ። ትክክል ነበረች፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ቢሆንም ልቤ ተሰበረ። ከትኩሳቱም ከቁርጥማቱም ይበልጥ ያቺ ክር አመመችኝ። ግቢው ውስጥ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የልጄን ድምፅ ማጣት ስጀምር ነው ሞት የሚባለውን ነገር የፈራሁት።

እዚህ ላይ ስለ ዋስትናው ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም።

ጋራዡ የተጠቃለለበት ድርጅት ዋናው መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ለሠራተኞቹ የሕክምና ዋስትና ነበረው፤ ከደመወዛችን ትንሽ ይቆረጣል፣ ስንታመም ድርጅቱ ያሳክመናል። ደንቡ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለነበረ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዋስትናው የሚያገለግለው ለአንድ የበጀት ዓመት ነው። ሐምሌ ውስጥ ይታደሳል። ሐምሌ ውስጥ ያልታደሰለት ሰው ዋስትናው ይቋረጣል፤ የተቋረጠበት እስከሚቀጥለው ሐምሌ አይመለስም። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ደግሞ ዋስትናው በተሰናበተበት ቀን ያበቃል። ሰው ጤነኛ ሆኖ ሲያነበው ምንም ክፋት የሌለው ደንብ ነው።

እድሳቱን የምታስፈጽመው የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊያችን አልማዝ ነበረች። ካርዳችንን ትሰበስባለች፣ በእያንዳንዱ ላይ “ታደሰ” ብላ ጽፋ ማኅተም ታደርጋለች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ትደውልና ስማችንን በየተራ ታነባለች። ፖስታ ስለሚዘገይ ነው በስልክ የሆነው። እዚያ ያለው ሠራተኛ በስማችን ፊት ምልክት ያደርጋል። ስልኩ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እንደሚዘንብበት ቤት ነው፤ ካልጮኹ አይሰማም። ስለዚህ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ጋራዡ ሁሉ የአልማዝን ድምፅ ይሰማል። “አብዱላሂ ዩሱፍ፣ ታደሰ! በቀለ ወርዶፋ፣ ታደሰ!” እያለች ትቀጥላለች። የእኔ ካርድ በዚያ ሐምሌ ታድሷል፤ ጽሑፉም ማኅተሙም አለበት። ክሊኒኩም ካርዱን እያየ ነው ያከመኝ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ መቆም ሲያቅተኝ አብዶሽ ጋሪ ይዞ መጣና ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ። ያየኝ ሐኪም ኩባዊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በከተማችን ብዙ ነበሩ። ከአማርኛ የሚያውቀው “ያማል?” እና “አይዞህ” የሚሉትን ብቻ ነው፤ የቀረውን አንዲት ነርስ በእንግሊዝኛ ታቀባብለዋለች። ትከሻዬን አሳየሁት። አየት አደረገና ተወው። ሸሚዜን ገልጦ በቀኝ ጎኔ፣ በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል፣ በአንድ ጣቱ ጫን አለ።

“ያማል?”

ጩኸቴን ግቢው ሁሉ ሰምቶታል። እሱ ግን የጠፋበትን ነገር እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ። “አይዞህ” አለኝ።

ራጅ ተነሣሁ። ጉበቴ ውስጥ መግል ቋጥሯል፤ ብዛቱ ደግሞ ሳንባዬን ወደ ላይ ገፍቶታል። ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ክረምት ላይ የያዘኝ ተቅማጥ አሜባ በሚባል ተባይ የመጣ ነው። ተቅማጡ ሲተወኝ ተባዩ አልተወኝም፤ በደም ሥር ወደ ጉበት ወጥቶ እዚያ መግል ሠራ። ጉበት ሲያብጥ በሆድና በደረት መካከል ያለውን ግድግዳ ይነካል፤ የዚያ ግድግዳ ሕመም የሚሰማው ደግሞ ትከሻ ላይ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ያ ሁሉ የሰሊጥ ዘይት!

ንዴቴ ግን ብዙ አልቆየም። መግሉ ወደ ደረቴ ሊፈነዳ ቀርቧል፤ ከፈነዳ ማንም አያተርፈኝም። ቀድሞ መቀዳት አለበት። የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም በዚያ ሰሞን ለግዳጅ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ስለዚህ ሪፈር ተጻፈልኝ፤ አዲስ አበባ። ሐኪሙ በእጁ እያመለከተ ባቡርም መኪናም ከለከለኝ፤ መንገጫገጩ ሊያፈነዳው ይችላል። አውሮፕላን ነው የቀረኝ፤ አውሮፕላኑም የሚነሣው በማግስቱ ነው። የአውሮፕላን ትኬትና የአዲስ አበባ ሕክምና ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት “ዋስትናው ይሠራል” ብሎ ካላጸደቀ አይታሰብም።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ቢሮ ሄድን። የአልማዝ ጠረጴዛ አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ አስተኙኝ። ወይንሸት ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ አብዶሽ በሩ ላይ ቆመ። አልማዝ ስልክ አስያዘች። ሲገናኝላት እንደ ሐምሌው መጮኽ ጀመረች፤ የወዲያኛው ሰው ድምፅም እየተቆራረጠ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማናል።

“ሃሎ! ታደሰ! አልማዝ ነኝ፣ ከድሬ!”

የአዲስ አበባው ሠራተኛ ስሙ ታደሰ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

“እንዴት ነሽ አልማዝ?”

“ደኅና። ለነገ በአውሮፕላን የሚላክ ሕመምተኛ አለኝ፤ አጽድቅልኝ። ደምሴ ታደሰ!”

ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል።

“ደምሴ ታደሰ አልታደሰም።”

“ታደሰ!”

“አቤት?”

“አንተን አይደለም! ደምሴ ታደሰ፣ ታደሰ!”

“ስሙንማ ሰማሁ። ካርዱስ?”

“ካርዱ የታደሰ ነው!”

“የታደሰ ከሆነ የደምሴን ለምን ትጠይቂኛለሽ?”

አብዶሽ በሩ ላይ እንደቆመ በሳቅ ፈነዳ። ወይንሸትም አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም ሳቅ መጣብኝ፤ ስስቅ ጎኔን እንደ ጦር ወጋኝና ወዲያው አቆምኩ።

“ስማኝ” አለች አልማዝ፤ እሷ አልሳቀችም። “የዚህ ሰው ዋስትና ሐምሌ ላይ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል። ማኅተም አድርጌበታለሁ። ካርዱ እጄ ላይ ነው።”

“እኔ ጋ ምልክት የለበትም አልማዝ። ሐምሌ ውስጥ ምልክት ያልተደረገበት ተቋርጧል ነው የሚለው። ምን ላድርግ?”

ከዚያ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ወፍራምና ቀስ ብሎ የሚናገር። የታደሰ አለቃ ነበር። ካርዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እሱ እንደማያየው፣ ቢያየውም መቼ እንደተጻፈ እንደማያውቅ ነገራት። “ሰውየው ከታመመ በኋላ ያልተጻፈ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ ጓድ? እንዲህ ያለው ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ።”

እናውቃለን። አሻጥር ነው የሚባለው። በዚያን ዘመን በዚያች ቃል የተጠራ ሰው ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። የአልማዝ ፊት አመድ መሰለ። እኔም በዚያች ደቂቃ ነገሩ ገባኝ። እኔ እንድሄድ ከሁለቱ አንዱ ጥፋተኛ መሆን አለበት፤ ወይ አልማዝ አጭበርብራለች፣ ወይ ታደሰ ምልክቱን ረስቷል። ሁለቱም ዝም ካሉ የሚቀረው እኔ ነኝ።

አልማዝ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

“ጓድ፣ ስልኩን እባክዎ ለታደሰ ይስጡልኝ” አለች። ሲሰጠው ድምፇን ዝቅ አደረገች፤ መስመሩም ያዘነላት ይመስል ጠራ። “ታደሰ፣ ሐምሌ ላይ ስም ሳነብልህ ደምሴ ታደሰ ጋ ስደርስ ‘አቤት’ አልከኝ። የጠራሁህ መስሎህ ነበር። እኔም ‘ምንም አይደል፣ እንቀጥል’ አልኩህና ወደሚቀጥለው አለፍን። ትዝ ይልሃል?”

መስመሩ ብቻ ይፈላል።

“መልሼ እደውላለሁ” አለና ዘጋው።

ወይንሸት አልቻለችም፤ ተነሥታ ወደ ቀበሌ ሮጠች። ድሃ የሆነ ሰው ቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት ይጽፍለታል፤ ያንን ልታጽፍልኝ ነው። ከንፈሯ ደርቆ ተመለሰች።

“ምን አሉሽ?”

“ባልሽ ዋስትና ያለው ሠራተኛ ነው፣ ለሱ አይጻፍም አሉኝ።”

“ንገሪያቸዋ፣ የለውም በያቸው!” አለ አብዶሽ።

“ነገርኳቸው። ማስረጃ አምጪ አሉኝ።”

ለቀበሌው ዋስትና አለኝ፣ ለአዲስ አበባ የለኝም። ሥራ አስኪያጃችን ብቅ ብሎ አየንና “ስብሰባ አለኝ” ብሎ ሄደ፤ አልፈርድበትም፤ በዚያን ጊዜ ስብሰባ ብዙ ሰው አድኗል። አልማዝ ማንንም ሳታናግር ስልኩን እያየች ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞራ “ደምሴ፣ ሐምሌ ላይ ነው የጻፍኩት” አለችኝ።

“አውቃለሁ አልማዝዬ” አልኳት። አውቅ ነበር፤ ስትጽፈው ፊቷ ቆሜ ነበርና።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል ስልኩ ጮኸ። ታደሰ ነው። ድምፁ የደከመ ነበር፤ እንደ ቅድሙ አይጮኽም፤ አልማዝ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ነው የሰማችው። “እሺ” አለች። “እሺ... እሺ ወንድሜ።” ስልኩን አስቀመጠች።

“ይምጣ ብሏል” አለች። “ጸድቋል። ‘አዎ፣ አቤት ብያለሁ፣ ስህተቱ የእኔ ነው’ ብሎ በጽሑፍ ፈርሟል።” ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ወይንሸት ሄዳ አቀፈቻት። እኔ ጣራውን እያየሁ ነበር፤ ደስታ ነው መሰለኝ የተሰማኝ፤ ትኩሳቱ ስለነበረ በደንብ አልለየሁትም።

በማግስቱ አብዶሽ እንደ ሕፃን ታቅፎ አውሮፕላኑ ደረጃ ድረስ ወሰደኝ። “ዋርያ፣ እዚያ ብርድ ነው፤ ጉበትህን ሸፍን” አለኝ። ወይንሸት ድሬ ቀረች፤ ለአስታማሚ አልጸደቀም ነበር።

አዲስ አበባ ስለተደረገልኝ ነገር የማውቀው ጥቂት ነው። በመርፌም በቢላም ብለው መግሉን ቀዱት፤ ለብዙ ቀን ከጎኔ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ሲወርድ ሰነበተ። መልኩ የምስር ወጥ ይመስላል። የአሜባውን መድኃኒት ሰጡኝ፤ አፌን ብረት ብረት አለኝ፣ ለቶርኖ ሠራተኛ ግን ያ እንግዳ ጣዕም አይደለም። ትኩሳቱ ለቀቀኝ። አንድ ጠዋት ስነቃ ትከሻዬ አያመኝም። ማንም ሳይነካው ተሻለው። ምግብ ስጠይቅ የክፍሉ ነርስ ጎረቤቴን ጠርታ “ስማ፣ ይሄ ሰውዬ ራበኝ አለ!” ብላ አጨበጨበች።

ሊያስወጡኝ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ በጠያቂ ሰዓት፣ አንድ ቀጭን ሰው በበሩ ገባና አልጋዎቹን እያየ መጣ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ኮቱ ሰፍቶታል፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብርቱካን ይዟል።

“ደምሴ ታደሰ አንተ ነህ?”

“ነኝ።”

“ታደሰ እባላለሁ።”

እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ልነሣ ሞከርኩ፤ ትከሻዬን ይዞ አስተኛኝ። ብርቱካኑን ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ወሬ ለመጀመር ያህል፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቅሁት።

“ሥራ እንዴት ነው?”

“አሰናብተውኛል” አለኝ።

“በእኔ ምክንያት?”

“በምልክቱ ምክንያት። መጀመሪያ ሌላ ስም ሊሰጡት ነበር፤ ኋላ ቸልተኝነት ነው ተብሎ በስንብት ታለፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቴ ነኝ።”

ደንቡን ስለማውቀው ሌላውን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረብኝም። ግን ጠየቅሁት። “ዋስትናህስ?”

“ያው በዚያው ቀን ነዋ የሚያበቃው።” ኮቱን ሰበሰበ። “ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። እንግዲህ እንደ ሌላው ሰው ትወልዳለች።”

አመሰግናለሁ ብለው አነሰብኝ፤ ይቅርታ ብለው እኔ ያደረግሁት ነገር የለም። አፍሬ ነበር። ያፈርኩት በምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት በምግብ ፍላጎቴ መመለስ ይሆናል። ዝም ማለት ይችል ነበር። “አልሰማሁም፣ አላስታውስም” ቢል ማን ይይዘው ነበር? ይህንኑ ጠየቅሁት።

“እኔም አስቤው ነበር” አለኝ፤ ምንም አላስጌጠውም። “ያን ከሰዓት መንገድ ለመንገድ ስዞር ነው የዋልኩት። ‘አቤት’ ማለቴ ግን ትዝ ይለኝ ነበር። ምን ላድርገው?”

ዛሬ ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። ትከሻችሁን የሚያማችሁ፣ ትኩሳቱንም ትከሻውንም ተቅማጡንም ለአንድ ሐኪም በአንድ ቀን ንገሩት፤ አታከፋፍሉት። ዋስትና ያላችሁ ደግሞ ካርዳችሁ ላይ የተጻፈውን አይታችሁ አትመለሱ፤ ጤነኛ ሳላችሁ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውሉና “የእኔ ይሠራል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። “ታደሰ ወይ?” ብላችሁ ግን አትጠይቁ። እኔ በየሐምሌው እንደዚያ አደርጋለሁ። ታደሰን ከዚያ በኋላ በሰው በሰው አስፈልጌው ነበር፤ ከሰፈሩ ለቋል አሉኝ። ሚስቱ ወንድ ይሁን ሴት ምን እንደወለደች፣ በሰላም ይሁን አይሁን፣ አላወቅሁም።

ያን ቀን የጠያቂ ሰዓት አበቃ ተብሎ ደወል ሲደወል ተነሣ። ከዚያ ቆም አለ።

“አንድ ነገር ላስቸግርህ” አለኝ። “ቁስሉን ልየው?”

የሆስፒታሉን ሸሚዝ ወደ ላይ ሰብስቤ ጎኔን ገለጥኩለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ስፌቱ ገና ቀይ ነው፤ ቱቦው የነበረበት ቦታ ደርቆ ተጨማድዷል። ጣቱን ሊያስነካው ብሎ መለሰው። ሌላው ጠያቂ ሁሉ እየወጣ ነበር፤ እሱ ግን እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ ረጅም ጊዜ ቆየ።

“ገጥሟል” አለ። “ጥሩ ነው።”

ከዚያ ሸሚዜን በገዛ እጁ ወደ ታች መለሰው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቴ ስቦ አለበሰኝና ሄደ።